አባባ፣ የማረባው አይጥ አይደለም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ነው እንጂ ሌላ የሚያስቸግረኝ ነገር የለም።

እህቴ ደውላ «አባባ ተቆጥተዋል፤ ልጄ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ አይጥ ያረባል ወይ እያሉ ነው» አለችኝ። በስልክ ላስረዳዎ ሞክሬ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ ጭራሽ ነገሩን አባሰው። ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ጻፍኩ። እሷ ታንብብልዎ። የራሷን እየጨመረች እንዳታነብ ግን ይቆጣጠሯት።

አይጥ አይደለም አባባ። ፌሬት ይባላል፤ ከሙጭልጭላ ወገን ነው። ሰውነቱ ረዘም ቀጠን ያለ፣ እግሩ አጭር። ሴቷ ኪሎ እንኳ ላትሞላ ትችላለች፤ ወንዱ ይከብዳል። ከዱር እንስሳ ተላምዶ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ 2 ሺህ ዓመት አልፎታል። ፕሊኒ የሚባል የጥንት ሮማዊ ጸሐፊ የጻፈው አንድ ነገር አለ። የባሊያሪክ ደሴት ሰዎች ጥንቸል አዝመራቸውን ሲያጠፋባቸው አውግስጦስ ቄሣርን ጦር እንዲልክላቸው ለመኑ ይላል። ያው በሉቃስ ወንጌል ላይ ያለው አውግስጦስ ነው። ለጥንቸል ጦር! እዚያው ላይ ታዲያ ጥንቸልን ከጉድጓድ የምታስወጣ ትንሽ እንስሳ ያነሳል። የኔዎቹ የዚያች ዘሮች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሥራቸው ይኸው ነው። የዚህ አገር ጥንቸል እንደኛ አገሩ ቁጥቋጦ ሥር አይተኛም። መሬት ቆፍሮ፣ ከታች መንገድ አበጅቶ፣ ብዙ በር አውጥቶ ሰፈር መሥርቶ ነው የሚኖረው። እርስዎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢቆሙ አይወጣልዎትም። ፌሬቷ ግን ሰተት ብላ ትገባለች። ጥንቸሉ ሽታዋን ሲያውቅ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ በአንዱ በር ይወጣል። በሩ ላይ መረብ አለ።

የመረቡን ነገር ቆይ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ሥጋውን እንጨርስ፤ የእርስዎም ጭንቀት እሱ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። አልበላም። ዘሌዋውያን 11 ላይ ያለውን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፤ ጥንቸል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም። ሙጭልጭላም እዚያው ምዕራፍ ላይ እንዳለች አልረሳሁም፤ እሷን ደግሞ ማን ይበላታል። የሚያዘው ጥንቸል ከፊሉ ለሥጋ ሻጭ ይሄዳል፣ ከፊሉን ሽማግሌው ወስዶ በድንችና በካሮት ቀቅሎ ይበላዋል፣ የቀረውን ፌሬቶቹ ይበሉታል። የንስሐ አባቴንም ጠይቄያለሁ። በሰንበት እንዳልሄድ ብቻ ነው ያሳሰቡኝ። የምንሄደው ማክሰኞ ነው፤ የዕረፍት ቀኔ ነው።

ሽማግሌው የምልዎት እኔ ካሮት የምለቅምበት እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ ሰው ነው። እርስዎን በዕድሜ ብዙ አይበልጥም፤ ጨዋታ አያውቅም እንጂ ደግ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጦ መረብ ይሠራል። ቆሜ አየሁት። ቋጠሮው የእርስዎ ቋጠሮ ነው! ክሩ በመለኪያ ጣውላዋ ላይ ዞሮ፣ በላይኛው የመረብ ዓይን ወጥቶ፣ በአውራ ጣት ተይዞ፣ ከኋላ ተጠምዝዞ ጥብቅ። መርፌውን ተቀብዬው አንድ ረድፍ ጨረስኩለት። «ማን አስተማረህ?» አለኝ። አባቴ፣ ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር አልኩት። ጣና የት እንደሆነ አያውቅም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ሆንን። ሁለቱን ሴት ፌሬቶችም የሰጠኝ እሱ ነው።

እንግዲህ መረቡ። ይሄን ክፍል እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

የዓሣ መረብ እርስዎ እንደሚሠሩት ረዥም ግድግዳ ነው። ይሄኛው ትንሽ ከረጢት ነው፤ ለአንድ ጉድጓድ አንድ መረብ። ሲዘረጋ ቁመቱ ሜትር ከ20 ገደማ፣ ወርዱ ከሜትር ትንሽ ያነሰ። መለኪያ ጣውላዋ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናት። ወደ 18 ዓይን ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ረድፍ አንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ይሰበሰባል። ከዚያ ረድፍ በረድፍ መውረድ ነው። የሚጨመር የለም፣ የሚቀነስ የለም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዓይኖቹ ሁሉ በሌላ ቀለበት ይታሰራሉ። አሁን ወፈር ያለ ገመድ በአንዱ ጠርዝ ዓይኖች ውስጥ እያለፈ ይወርዳል፣ በታችኛው ቀለበት ይሾልካል፣ በሌላው ጠርዝ ይመለሳል። ሁለቱ ጫፎች በላይኛው ቀለበት ወጥተው ችካል ላይ ይታሰራሉ። ጥንቸሉ ሮጦ ሲገባበት መረቡ አብሮት ይሄዳል፣ ገመዱን ግን ችካሉ ይዞ ያስቀረዋል። አፉ ይዘጋል። በቃ።

የዓይኑ ስፋት ላይ ከሽማግሌው ጋር ብዙ ተከራከርን። እኔ በእርስዎ ትምህርት ይዤ ዓይኑ በእንስሳው ልክ መሆን አለበት ባይ ነበርኩ፤ ጭንቅላቱ ገብቶ ትከሻው ላይ እንዲያዝ። ዓሣን በስንጥቡ የምንይዘው እንደዚያ አይደል? እሱ ደግሞ ይሄ የሚይዘው በዓይኑ ሳይሆን በመጠቅለሉ ነው አለኝ። ዓይኑ ከሰፋ ጥንቸሉ ይሾልካል። ከጠበበ መረቡ ይከብድና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተኮፍሶ ይቀራል፣ ጥንቸሉም ገፍቶት ይመለሳል። ልል ሆኖ እንደ ነጠላ መውደቅ አለበት። ሥራውን ሳየው አመንኩ።

ክሩም ያከራክራል። ድሮ ከሄምፕ ነበር የሚሠራው፤ እንደኛ ቃጫ ያለ የተክል ክር ነው። መሬት ላይ ደህና አድርጎ ይተኛል፣ ቋጠሮውም አይላላም። ግን እርጥብ እያለ ከታጠፈ ይበሰብሳል። ናይለን አይበሰብስም፤ ነገር ግን እሾህና ቅጠል ይለቅማል፣ ይወሳሰባል። ሽማግሌው ሄምፕ አምላኪ ነው። እኔ ናይለን ነው የምሠራው፤ የሥራ ልብሴ እንኳ በማይደርቅበት አገር ሄምፕ የት አሰጣለሁ? ቀለሙን ብዙ ሰው አረንጓዴ ወይም ቡኒ ያደርገዋል። እኔ አንድ ረድፍ ብርቱካናማ አስገባበታለሁ፤ ሲመሽ ሣር ውስጥ ተረስቶ የቀረ መረብ የማንም እግር ይይዛል።

ሌላም ዓይነት አለ፤ ረዥም መረብ ይሉታል። መቶ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ እንደ እርስዎ መረብ በእንጨት እየተደገፈ ይቆማል። ጥንቸሎቹ ሌሊት ለግጦሽ ሲወጡ በነሱና በጉድጓዳቸው መሃል ይዘረጋል። እሱን ገና አልሞከርኩም።

አደኑ ክረምት ላይ ነው፤ እዚህ ክረምት የሚሆነው ከእኛ ኅዳር እስከ የካቲት ነው። በበጋ ሳማው ጉድጓዱን ይሸፍነዋል፣ ጥንቸሎቹም ግልገል ይኖራቸዋል። ፌሬቷ ግልገል ካገኘች ውስጥ ገድላ በልታ እዚያው ትተኛለች። ኃይለኛ ነፋስ የሌለበት ብርዳማ ጠዋት ይመረጣል። ማውራት የለም። የመኪና በር እንኳ ቀስ ተብሎ ነው የሚዘጋው፤ ጥንቸል ከመሬት በታች ሆኖ የእግር ኮቴ ይሰማል። ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብለን እንጠጋለን። በየበሩ መረብ፣ በየመረቡ ችካል። ቁጥቋጦ ሥር የተደበቀች አንዲት በር ከተረሳች ሁሉም በሷ ይወጣል።

ከዚያ ፌሬቷ ትገባለች። አንዳንዴ ጥንቸል ከታች በኋላ እግሩ መሬቱን ሲመታ፣ ድም፣ ድም፣ ድም ሲል ጫማዎ ሥር ይሰማዎታል። ጥንቸሉ መረቡ ላይ ሲወድቅ ፈጥኖ መያዝ፣ በቅጽበት መጨረስ ነው። እንስሳ ማሠቃየት አይቻልም፤ እኔም አልወድም።

ፌሬቷ አልወጣ ስትልስ? ድሮ ረዥም ገመድ አስረው ነበር የሚልኳት። አሁን አንገቷ ላይ ሲግናል የምትልክ ትንሽ መሣሪያ አለች። ከላይ ሆነን መቀበያውን ይዘን እንዞራለን፤ የት እንዳለችና ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለች ይነግረናል። ከዚያ አካፋ። የዚህ አካባቢ አፈር አሸዋማ ስለሆነ መቆፈሩ ይቀላል፤ ጥንቸሉም የወደደው ለዚህ ነው። ቴትፎርድ ከምትባለው ከተማችን አጠገብ በ1400 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) የተሠራ ግንብ ቤት ዛሬም ቆሟል። የከተማዋ ገዳም አለቃ ነው ያሠራው ይባላል፤ የጥንቸል ጠባቂ ታጥቆ የሚኖርበት። ያኔ ጥንቸል የጌቶች ሥጋና ጸጉር ነበር። በ1390 ደግሞ በዓመት 40 ሽልንግ የሚያስገባ መሬት የሌለው ተራ ሰው ፌሬትም መረብም እንዳይኖረው በሕግ ከለከሉ። ድሃ አደን አይሂድ ነው ነገሩ። አሁን ተገልብጧል። ከ1954 ጀምሮ ባለመሬቱ ራሱ መሬቱ ላይ ያለውን ጥንቸል መቆጣጠር ግዴታው ነው። እኛም የባለርስቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይዘን ነው የምንገባው፤ ስለዚህ ሌባ ሆነ ብለው አይስጉ።

ጥንቸሉ ግን እንደ ድሮው አይደለም። በ1953 ሚክሶማቶሲስ የሚባል በሽታ ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ 99 ያህሉን ፈጀው። አገግሞ ሳለ ሌላ በሽታ መጣበት። እዚህ አካባቢ እንዲያውም ሣሩን አሳጥሮ ስለሚግጥ፣ ብርቅዬ አበቦችም በዚያ ስለሚኖሩ፣ ጥንቸል እንዲበዛ የሚለፉ የተፈጥሮ ሰዎች አሉ። ገበሬው ካሮቴን በላው ይላል፣ እነሱ አበባዬን አዳነው ይላሉ። ሽማግሌው ጉድጓድ ሙልጭ አድርጎ አይጨርስም። መረቡ ሳይሞላ «ይበቃል» ብሎ ይነሳል።

ማርባቱ ከባድ አይደለም። ቀኑን አብዛኛውን ይተኛሉ። ገለባ ያለው ሳጥን፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሥጋ። ዳቦ በወተት መስጠት የድሮ ልማድ ነበር፤ ለነሱ አይሆንም፣ ሥጋ በል ናቸው። ሁልጊዜ አንዱ ማዕዘን ላይ ነው የሚጸዳዱት፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ማጽዳት ቀላል ነው። ይሸታሉ፤ እሱን አልዋሽዎትም። ሙቀት አይችሉም። የሰው ጉንፋን ይይዛቸዋል፤ ሳስል ፊቴን ሸፍኜ ነው የምመግባቸው። አንድ የሚያስፈራ ነገር ግን አለ። ሴቷ በጸደይ ስትፈልግ ወንድ ካላገኘች ያው ሁኔታ አይለቃትም፤ ደሟ እየተጎዳ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ በየዓመቱ የእንስሳት ሐኪም መርፌ ይወጋልኛል። ወንድ አላመጣም፤ በአንድ ወሊድ ስድስት ሰባት ግልገል ማን ያሳድጋል?

ወንድሜ «ጥንድ ይዘህልን ና፤ የባሕር ዳርን አይጥ ይጨርሱልናል» ብሏል አሉ። አይሆንም በሉት። ኒውዚላንድ እንደዚሁ ብላ በ1880ዎቹ ለጥንቸል ብላ አስገብታ ለቀቀቻቸው፤ መብረር የማይችሉ ወፎቿን በሉባት። አሁን እዚያ ማርባትም መሸጥም ክልክል ነው። ደግሞ የእማዬን ዶሮዎች ማሰብ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ናይለኑ አዲስ ሲሆን ቋጠሮው ይንሸራተትብኛል፤ በተለይ ቀለበቱ አጠገብ። እርስዎ የሆነ ነገር ይቀቡት ነበር፤ ሰም ነበር ወይስ ክሩን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉት ነበር? ሽማግሌው ሁለቴ ቋጥረው ይላል፤ ሁለቴ የተቋጠረ ግን ይወፍርና መረቡ አይወድቅም። እሑድ ስደውል ይንገሩኝ።

ሁለተኛ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የቀርከሃ መርፌዎ። የእኔ ፕላስቲክ ናት፤ በብርድ ጫፏ ይሰበራል። ጥምቀት አልፎ ወደዚህ የምትመለሰው ጎረቤታችን ብትይዝልኝ ደስ ይለኛል። ቅር ካለዎት ግን ይቅር፤ ልኳን ለክታ እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ እዚሁ እጠርባለሁ።

ለዓይን ሐኪሙ የሚሆን ገንዘብ በእህቴ ስም ልኬያለሁ። ቀጠሮውን ነገ ዛሬ አይበሉት። መነጽሩ ሲደርስልዎ የአንዱን መረብ ፎቶ እልክልዎና ዓይኑን ቆጥረው ስህተቱን ይነግሩኛል።

ልጅዎ
ከቴትፎርድ፣ እንግሊዝ