«ቲቸር፣ ሁሉንም ይከፍታል!»፦ የአይሲቲ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ሮቦት አልሠራም፤ ውድድርም አልሄደም። ዓመቱን ሙሉ ስንታገል የከረምነው ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው። አሮጌዎቹ ፕሮግራሞቻችን አዲስ ሲስተም ላይ ይሠራሉ ወይ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። የላባችን ማሽኖች ራሙን እንደምንም አለፉ፣ ቺፑ ላይ ወደቁ። አንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ዩቲዩብ ላይ በጓሮ በር የሚያስገቡት አሉ እኮ» አለኝ። አውቃለሁ። ነገ አፕዴት እምቢ ሲል የምጠየቀው ግን እኔ ነኝ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም መረጥን። ነፃ ነው፤ ደግሞም ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ስለሚነሳ ዲስኩን ሳንነካ መሞከር ቻልን።

ልጆቹ ሰንጠረዥ አወጡ፤ ከፕሮግራሙ ስም ፊት ለፊት «ይከፍታል» ወይም «አይከፍትም» ብለው ይሞላሉ። በሁለት ሳምንት ጨርሰው መጡ። ጂኦጂብራ፣ ስክራች በብሮውዘር፣ የወርድ ፋይሎች በሊብረ ኦፊስ፣ ሁሉም ትክ ትክ ተደርጎበታል። እኔም አመንኳቸው፣ ምን ልዋሻችሁ!

ከዚያ የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ ጠራናቸው። እትዬ ፍላሻቸውን ይዘው መጡና የድሮ የአማርኛ ፈተና ከፈቱ። ፋይሉ ተከፈተ፤ ገጹ ላይ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። ለካ ፈተናው የተጻፈው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው የዓለም ደረጃ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ኖሯል፣ ፎንቱ ከሌለ አማርኛው የለም። ልጆቹ ሮጠው ፎንቱን ጫኑ፤ ፊደሉ ተመለሰ፤ ተጨበጨበ። እትዬ «ምንባብ» ብለው ፈልግ ሲሉት ደግሞ ምንም አላገኘም፣ ቃሉ ዓይናችን ሥር ተቀምጦ! ለዓይን ፊደል ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተሩ አሁንም ላቲን ነው። ወረድ ሲሉ የ14ኛው ጥያቄ «መ» ብቻውን ወደ ሚቀጥለው ገጽ ተሻግሯል። «ይሄን ለተማሪ ብሰጥ መልሱ የለም ብሎ ይከሰኛል» አሉ። ሊጽፉ ሲሞክሩ ደግሞ ሚንት ላይ ያስገባነው ኪቦርድ «ሰላም»ን በላቲን ድምፅ «ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም» ብሎ የሚያስጽፍ ነው፤ የእሳቸው ጣት የለመደው ሌላ ነው። ሦስት መስመር ታግለው ተነሡ።

በማግሥቱ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ሰንጠረዡ ላይ ሁለት ዓምድ ጨመረች፦ «ባለቤቱ ሥራውን ጨረሰበት?» እና «አተመ?»። ከዚያ ወዲህ ትኩ በጣም ቀነሰ። እኔ የዓመቱ ትልቅ ሥራ የምለው ይህንን ነው።

የፊዚክስ መምህሩም «የእኔ ማሳያዎች የፍላሽ ናቸው» ብለው መጡ። ልጆቹ የሚሰካውን ፍላሽ መስሏቸው ዩኤስቢውን ይፈትሻሉ! እሳቸው የሚሉት አዶቤ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያቆመውን ፍላሽ የሚባል የአኒሜሽን ማጫወቻ ነው። ራፍል በሚባል ነፃ ማጫወቻ የተወሰኑት ተነሡ፣ ሌሎቹ ነጭ ስክሪን ሆነው ቀሩ።

የላቡ ማሽኖች አሁን ሚንት ላይ ናቸው። የድሮ ፈተናዎቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ጀምረናል፣ የ9ኛ ክፍሉ አልቋል። የእትዬ ኮምፒውተር ባለበት ቀርቷል፤ የኔት ገመዱ ተነቅሎ «እንዳትሰኩ!» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።