የፊልም ክበብ ዘገባ፦ ከለር የሌለው ፊልም ያስጮኸን ዓመት

መጀመሪያ ሐሜቱን ልመልስ። «የፊልም ክበቡ ልጆቹን ሆረር ያሳያቸዋል» የተባለው እውነት ነው። ያሳየነው ግን አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ሳይኮ»ን ነው። ያዩትም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ብቻ ናቸው፤ ወላጆቻቸውም ፈርመዋል።

አባላት መዘገብን፣ ኮሚቴ መረጥን፣ ተሰበሰብን። ይህን አልዘረዝረውም። ያሰብነው የአጭር ፊልም ውድድር ፈተና ደረሰና ቀረ።

ፊልሙ ሲጀምር ልጆቹ ሳቁ። «ቲቸር፣ ከለር የለውም እንዴ?» ሴትየዋ ሻወር ቤት ውስጥ በቢላ የምትገደልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ያቺ ግድያ አንድ ደቂቃ እንኳ አትሞላም፤ ለመቅረጽ ግን 7 ቀን ፈጅታለች። መለስ አድርጌ ድምፁን አጥፍቼ አሳየኋቸው። ማንም አልደነገጠም። ሂችኮክ ራሱ ያለ ሙዚቃ ሊያልፋት ነበር፤ የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰውን የበርናርድ ኸርማንን ቫዮሊኖች ሲሰማ ነው ሐሳቡን የቀየረው።

ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ፣ የቢላው ድምፅ ደግሞ ሜሎን ሲወጋ የተቀዳ መሆኑንም ነገርኳቸው። በሳምንቱ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ጥቅል ጎመን፣ ፓፓያና ሐባብ በፌስታል ይዛ ከች አለች። ጓደኞቿን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞረቻቸውና አንድ በአንድ ትወጋ ጀመር። ጎመኑ ላይ ሳቁ። ፓፓያው ድምፅም የለው። ሐባቡን ስትወጋው አንዱ ልጅ ክው ብሎ አንገቱን ቀበረ። «እሱ ነው!» ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። ማስረጃውን ተካፍለን በላነው።

ቢላው ገላ ውስጥ ሲገባ በቅጡ አይታይም፤ የጎደለውን ተመልካቹ ከራሱ ፍርሃት ያሟላል። ለዚህ ይመስለኛል ስልክ ላይ ስንት ጉድ ያዩ ልጆች ዛሬም የሚጮኹት።

ሂችኮክ ፊልሙን የሠራው ከቴሌቪዥን ዝግጅቱ ባመጣቸው ባለሙያዎች ነው፤ ወጪውም 800,000 ዶላር ገደማ፣ ለሆሊውድ ርካሽ የሚባል። እኛ ደግሞ ስፒከር የምንዋሰው ከሙዚቃ ክበብ ነው፤ እሱም በአንድ ጎኑ ብቻ ይሠራል። ለእግር ኳስ ቡድኑ ማሊያ በየዓመቱ ይገዛል። አንቀናም፣ ግን እናያለን።

የምንጠይቀው አንድ ስፒከርና ለአዳራሹ መስኮቶች ወፍራም መጋረጃ ነው። የወላጅ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት አንድ ዓርብ ከሰዓት ብቅ ይበል። ፊልሙን ከሻወሩ ጀምረን እናሳየዋለን።