የጆሃንስበርጉ ውድድር በአንድ መስመር አይታለፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በደቡብ አፍሪካ ስለሚካሄደው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች አገር አቀፍ የቁንጅና ውድድር (ሚስተር ጌይ ሳውዝ አፍሪካ) ያወጣችሁት ጽሑፍ ከመዋኛ ልብስና ከመድረክ መብራት አላለፈም። ውድድሩ በአደባባይ ሊካሄድ የቻለው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት ሰውን ማግለልን ስለከለከለ፣ በ2006 ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በሕግ ስለጸደቀ ነው፤ በ2010 በቤጂንግ ሊደረግ የነበረው መሰል ውድድር ግን ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው በፖሊስ ታግዷል። ይህ ልዩነት ሳይነገር የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች በ2010 በኦስሎ፣ በ2011 በማኒላ የዓለሙን ውድድር (ሚስተር ጌይ ዎርልድ) ማሸነፋቸውን መዘርዘር ታሪኩን ጎዶሎ ያደርገዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ የ2012ቱ የጆሃንስበርግ ውድድር በአንድ መስመር መታለፉ ነው። አፍሪካ የዓለሙን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተናገደችው ያኔ ሲሆን፣ የአገሩ የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት እንደሚቀጣ እያወቀ በኢትዮጵያ ስም የቀረበ፣ በደቡብ አፍሪካ ይማር የነበረ ወጣትም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበር። የእኛ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም የ2012ቱን ውድድር ብቻ የሚመለከት ጽሑፍ፣ ከአፍሪካ ተወዳዳሪዎች ጋር በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ተደግፎ ይውጣ። ስምና ፎቶ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይታተም፤ አገር ቤት ቤተሰብ አለና።

አንድ አንባቢ፣ ከጆሃንስበርግ