የማድረሻ ዋጋችን ከመጪው ወር ጀምሮ ለምን ሁለት ዓይነት እንደሚሆን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመጪው ወር ጀምሮ በአዲስ አበባ ውስጥ የማድረሻ ዋጋችን ባለበት ይቆያል። ወደ አዳማ፣ ሐዋሳና ደሴ የምንልከው ጭነት ዋጋ ግን የናፍጣን ዋጋ ይከተላል። አንዱ ረግቶ ሌላው የሚወጣና የሚወርድበትን ምክንያት ልናስረዳችሁ ይገባል።

አገራችን የምትጠቀመው ቤንዚንና ናፍጣ ተጣርቶ ከውጭ የሚገባ፣ በአብዛኛውም ከጅቡቲ በቦቴ የሚጓጓዝ ነው። የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ተሽከርካሪውና ግንባታው ሲበዛ ፍጆታው ያድጋል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ በመምጣቱ የዓለም ገበያም የብር ምንዛሪም ለውጥ ማደያ ድረስ ይደርሳል። እኛን ግን ከዋጋው ይልቅ ያስቸገረን ሰልፉ ነው። ሾፌር ማደያ በር ላይ ካደረ የእናንተም ዕቃ አብሮት ያድራል፤ ይህን ልትሸከሙልን አይገባም።

ስለዚህ የከተማ መኪኖቻችንን በኤሌክትሪክ በሚሠሩ ተክተናል። ማታ መጋዘን ገብተው ይሰካሉ፣ ጠዋት ሞልተው ይወጣሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር በዚህ ጉልበት ያጣል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ጭነት ይዞ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ባትሪው ፈጥኖ ይቀንሳል። ቁልቁል ሲመለስ ደግሞ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ መኪናውን ይይዛል፣ ከወጣው ኃይል ጥቂቱንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ኤሌክትሪኩ ራሱ ከ90 በመቶ በላይ ከወንዞቻችን የሚመነጭ ነው፤ ዶላር እየተለመነ የሚገዛ አይደለም። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የረጅም መንገድ መኪኖቻችን ግን ለጊዜው ከናፍጣ አይላቀቁም። ከባድ ጭነት ትልቅ ባትሪ ይጠይቃል፣ በየመንገዱም በቂ የኃይል መሙያ ጣቢያ የለም። ኤታኖልስ የሚሉ ደንበኞች አሉ። ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሞላሰስ የሚወጣው ይህ አልኮል በ2001 ዓ.ም. በ5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምሮ በኋላ ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ያድናል፣ እንደግፈዋለንም። ነገር ግን የሚቀላቀለው ከቤንዚን ጋር ነው፤ የእኛ የጭነት መኪኖች ደግሞ የናፍጣ ናቸው።

ከእንግዲህ ከከተማ ውጭ ለሚላክ ጭነት የነዳጁ ድርሻ በደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፋል። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አዲስ ዋጋ ባወጣ ቁጥር ይስተካከላል፤ ናፍጣ ሲቀንስም እንቀንሳለን። ሌሊት መብራት ጠፍቶ መኪና ሳይሞላ ካደረ ደግሞ የጠዋት ተረካቢዎችን ቀድመን በስልክ እናሳውቃለን።

ጭነታችሁን ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ብታስመዘግቡ የአንድ አቅጣጫ ዕቃዎችን በአንድ ጉዞ አጠቃለን ስለምንልክ የነዳጅ ድርሻችሁ ይቀንሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ