የሕዝብ ቆጠራው የት ደረሰ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሕዝብ ብዛት ሲወራ ሁሌ ወሊድ ላይ ብቻ ነው የምንረባረበው። እስቲ አዲስ አበባን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የከተማዋ ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው 1.8 ልጅ ነው፤ በሀገር ደረጃ ግን 4.6። 1.8 እኮ እናትና አባትን እንኳ አይተካም! ታዲያ ከተማዋ ለምን ትሰፋለች? ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተራ የሚወርደው፣ ግንባታ ላይ ወይ ሰው ቤት ሥራ የሚፈልገው ወጣት ነዋ። የሕፃናት ሞትም ቀንሷል፣ ተመስገን።

የመጨረሻው ቆጠራ ግን የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ፣ አራተኛው ቆጠራ ስንቴ ተራዘመ! ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱስ ወደ አረብ አገር ሄደ? ይህን ሳናውቅ ለአንድ ወረዳ ስንት መማሪያ ክፍል እንደሚበቃ በምን እናሰላለን? እባካችሁ የሚመለከተውን አካል ጠይቁልን።