አባባ፣ ስለ አሮጌዋ መኪና

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእማማ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እሑድ በስልክ ያሉኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። «ሰው አሜሪካ ሄዶ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው መኪና ይገዛል? ተቸግረህ ከሆነ ለምን ትደብቀናለህ?» አሉኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እማማ ከኋላ «ተወው ልጁን» ትላለች፤ የምመልሰው ጠፋኝና ዝም አልኩ። የአክስቴ ልጅ የላከላችሁን ፎቶግራፍ አይታችኋል፤ ኮፈኗ የገረጣ፣ የቀኝ በሯ ከታች የዛገ መሆኑ እውነት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሥራ እንደገባሁ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

አልተቸገርኩም። የቀለም ቅብ ሥራው ደህና ይዟል። ነገር ግን ሐምሌ ላይ የሥራ መኪናዬ ሞተሯ ሞተ። መሰላል፣ የቀለም ባልዲና የወለል መሸፈኛ ሸራ የሚይዝ ሰፊ መኪና የግድ ሆነብኝ። አንድ መኪና መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ቡና አቀረበልኝ፣ አራት ዓመት ያገለገለች መኪና አሳየኝና «በወር 540 ዶላር ብቻ፣ ለ72 ወር» አለኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ አባዛሁት፤ 38,880 ዶላር። አባባ፣ እጄ ቀዘቀዘ። ለስድስት ዓመት ወር በገባ ቁጥር ባንኩ ከእናንተ ሊቀድም ነው ማለት ነው። የእማማ መድኃኒትና የታናሽ እህቴ የዩኒቨርሲቲ ወጪ ያለው እዚያው 540 ውስጥ ነው። እርስዎ «የዕዳ መኪና ሹፌሩን ይነዳዋል» ይሉ የነበረው ትዝ አለኝና አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለት ወር ፈለግሁ። ባለቤቴ መታከቷን ፊቷ ላይ አይ ነበር፤ በየምሽቱ የመኪና ማስታወቂያ ሳገላብጥ አንድም ቀን ግን አልተናገረችኝም። መስከረም መጨረሻ ላይ ነው ይህቺን ያገኘኋት።

ዶጅ ካራቫን ትባላለች፤ የ1990 ሞዴል ናት፤ በእኛ አቆጣጠር የ1982 መሆኗ ነው። ይህን ዓይነት የቤተሰብ መኪና እዚህ አገር ያስለመደው ዶጅን ይሠራ የነበረው ክራይስለር የሚባል ኩባንያ ነው፤ ታሪኩን ሲሰሙ ደስ ይልዎታል። ኩባንያው በፈረንጆቹ 1979 ሊከስር አፋፍ ላይ ደረሰ፤ መንግሥት ለ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆኖ አተረፈው። ይመራው የነበረው ሊ አያኮካ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ነው። ብድሩን በ1983 ቀኑ ሰባት ዓመት ሲቀረው ከፍሎ ጨረሰ። የመጀመሪያዎቹ ካራቫኖችም በዚያው ዓመት መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ዊንዘር ከሚባል ከተማ ፋብሪካ መውጣት ጀመሩ።

እንዲህ ያለው መኪና አብዛኛው አውቶማቲክ ነው። በ1989 እና በ1990 ሞዴሎች ግን 2.5 ሊትር በሆነው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ላይ ቱርቦ ገጥመው 150 የፈረስ ጉልበት አወጡለት፤ ለፈለገም ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ሰጡት። የፈለገው ሰው ጥቂት ነበር። እዚህ አገር ፍሪሲዮን መርገጥ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ራሱ ብርቅ ነው። ማስታወቂያው ላይ ሦስት መርገጫ ስቆጥር ግን ልቤ የዘለለው በዋጋው ብቻ አልነበረም፤ አልዋሽዎትም።

ቱርቦ ምን ያደርጋል ቢሉኝ የሐረጎን ዳገት ያስታውሱ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ያ ኤን ትሬ የጭነት መኪና ጭነቱን ይዞ እንዴት ያለከልክ ነበር! «አየሩ ሳሳበት» ይሉኝ ነበር። ትክክል ነበሩ፤ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ሲወጣ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ቱርቦ የሚባለው በሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ተጠቅሞ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ እሷም አየሩን ጨምቃ ወደ ሲሊንደር ትከተዋለች። ጭስ ሆኖ በከንቱ የሚጠፋው ጉልበት ተመልሶ ያገለግላል። ያን ጊዜ ኤን ትሬው ቢኖረው ኖሮ ባቲ ላይ ሙዝ የምንበላበት ጊዜ በተረፈን ነበር።

ሻጩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት መምህር ናቸው። የሚኖሩት ፍሮንት ሮያል በምትባል የተራራ ሥር ከተማ ነው፤ ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አስቀድሜ ደውዬ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ እኔ ሳልደርስ ሞተሩን እንዳያስነሱት። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል። ስደርስ መዳፌን ኮፈኗ ላይ አሳረፍኩ፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር። ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው።

የዘይት መለኪያውን መዝዤ በጣቴ አሸሁት፤ ጠቁሯል እንጂ ውሃ አልነካውም። የዘይት መክደኛውን ከፍቼ ወደ ውስጥ በባትሪ አየሁ፤ እንደ ወተት የነጣ ነገር ካለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ውሃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚያሽገው፣ ሄዷል ማለት ነው። የዚህ ሞተር ዋና ሕመም እሱ ነው፤ ቱርቦ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ንጹሕ ነበር። ወደ ቱርቦው የሚገባውን የአየር ቱቦ ፈትቼ ትንሿን ተሽከርካሪ በሁለት ጣቴ ይዤ ወዲያና ወዲህ ነቀነቅኋት። በጣም ከተንገዋለለች አልቃለች፤ ይህቺ ግን በትንሹ ብቻ ተነቃነቀች፣ ሳዞራትም ሳትፋቅ ዞረች።

ከዚያ ቁልፉን አስገብቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ሦስት ጊዜ ከፈት ዘጋ አደረግሁና ሦስተኛው ላይ ክፍት አድርጌ ተውኩት። የዘመኑ ክራይስለሮች እንዲህ ሲደረጉ የሞተር መብራታቸውን እያበሩ እያጠፉ ሕመማቸውን በቁጥር ይናገራሉ። መብራቱ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ቆም ብሎ ሁለቴ ብልጭ አለ። አሥራ ሁለት። ከዚያ አምስት፣ እንደገና አምስት፤ ሃምሳ አምስት ማለት ጨረስኩ ማለት ነው። አሥራ ሁለት ግን ባትሪው በቅርቡ ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። ባትሪ ሲነቀል የተመዘገበ ብልሽት ሁሉ ስለሚሰረዝ አንዳንድ ሻጭ ሆን ብሎ ይነቅለዋል። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሳልጠይቃቸው ወደ ቤት ገቡና ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ ባትሪ የገዙበትን ደረሰኝ ይዘው ወጡ። ከእሱም ጋር አንድ ወፍራም ክላሴር አመጡ፤ ከ1990 ጀምሮ ለመኪናዋ ያወጡት እያንዳንዱ ወጪ በቀን በቀኑ ተያይዟል። ጓርኒሲዮኑ አንድ ጊዜ፣ ፍሪሲዮኑ አንድ ጊዜ፣ የሞተሩ ቺንጋ ሦስት ጊዜ ተለውጧል። አባባ፣ የእርስዎን ሰማያዊ ደብተር አሰብኩ። ዘይት የቀየሩበትን ቀን የሚጽፉበትን፣ ከወንበሩ ሥር የሚያስቀምጡትን። መናገር አቃተኝ።

ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ሰማያዊ ጭስ አልነበረም። መንገድ ላይ አውጥቼ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ እስከ ታች ረገጥኩ፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። አልተንሸራተተም። ከሥሯ ተኝቼ ስፈትሽ ግን ዝገት አገኘሁ። እዚህ አገር በክረምት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ የመኪና ወለል የሚበላው እሱ ነው። ሻንሲዋ ደህና ሆኖ የኋላ የፍሬን ቧንቧዋና የበሯ ሥር ተበልተዋል። እሱን አሳይቻቸው ከ3,200 ወደ 2,600 ዶላር ወረዱልኝ። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ፣ የባለቤትነት ወረቀቱን ፈርመው ሰጡኝ። የእኛ ሊብሬ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልፈልግም። የአየር ከረጢት የላትም፤ በካራቫን ላይ ለሾፌሩ የተገጠመው ከእሷ በኋላ በወጡት ሞዴሎች ነው። ስለዚህ ልጆቼን በእሷ ይዤ አውራ ጎዳና አልወጣም፤ እነሱ የሚሄዱት በእናታቸው መኪና ነው። ባለቤቴ ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ ይህ ብቻ ነበር፤ ልክ ናት። ይህቺ የሥራ መኪና ናት። የኋላ ወንበሮቿ ተፈትተው ይወጣሉ፤ መሰላሌ በሰያፍ ገብቶ ይተኛል።

በዚህ ክፍለ ሀገር መኪና በየዓመቱ ለደኅንነት ይመረመርና መስታወቱ ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ያው ቦሎ ነው። የመጀመሪያ ቀን ወድቃለች። የፍሬን ቧንቧውና አንድ የመሪ ቴስቲና ተቀይረው 410 ዶላር ከፈልኩ፤ አሁን ተለጥፎላታል። ከተማው በየዓመቱ የሚያስከፍለው የመኪና ግብርም በመኪናው ግምት ስለሆነ ለእሷ የምከፍለው ጥቂት ነው። እንግዲህ ሁሉም ተደምሮ 3,010 ዶላር። ለማንም ዕዳ የለብኝም።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ሰማዩ ደምኖ ነበር። ከፍሮንት ሮያል ወደ ምሥራቅ ተራሮቹ የሚከፈቱበት አንድ በር አለ፤ ለደሴ ሰው ዳገት አይባልም። አራተኛ ላይ ነበርኩ፤ ወደ ሦስተኛ ቀነስኩ። ቱርቦው አንዲት ቀጭን ፉጨት አወጣና መኪናዋ ወደፊት ገፋችኝ። እጄ ማርሹ ላይ እንዳለ የእርስዎ እጅ ከላይ ያረፈበት መሰለኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። «ጆሮህን ስጠው፣ ዓይንህን መንገዱ ላይ ተው» ብለው ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጥኩ ማርሽ እንዳስገባ አስተማሩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ አገር አውቶማቲክ ስነዳ የእግሬ ትዝታ የጠፋ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም። ቤት ስደርስ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋሁትም፤ ቱርቦው እንደጋለ ከጠፋ ውስጡ ያለው ዘይት ያራል። አንድ ደቂቃ ያህል እንደተነሣ ተውኩትና በዚያ ደቂቃ ውስጥ አለቀስኩ። ለእማማ አይንገሩብኝ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ፤ ምክርዎን እፈልጋለሁ። ብርዱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሁለተኛው ማርሽ አልገባም ይላል፤ ስገፋው ይንጫጫል። አምስት ደቂቃ ከነዳሁ በኋላ ይተዋል። የመኪናዋ መጽሐፍ ለካምቢዮው የሚታዘዘው ቀጭን የሞተር ዘይት ነው ይላል። እርስዎ ካምቢዮ ውስጥ ወፍራም ዘይት እንጂ ሌላ አስገብተው አያውቁም፤ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ። ሳወጣው ግን ውስጥ የነበረው ወፍራም ነበር፤ አንድ ሰው በስሕተት ሞልቶታል። በቀጭኑ ቀየርኩት፤ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ድምፁን ዛሬ ጠዋት በስልኬ ቀድቼ ለታናሽ እህቴ ልኬዋለሁ። ቤቱ ጸጥ ሲል ታሰማዎት። ፍሪሲዮኑ ጨርሶ ካለመልቀቁ ነው ወይስ የማርሹ ቀለበት አልቆ ነው? እሑድ እደውላለሁ።

ልጅዎ