ስለ ሁለቱ የሺዙኦካ ልጆች

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሰላም፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጓደኛሽ ጋር የዘፈናችሁትን ደጋግሜ ሰማሁት። ድምፃችሁ ሲገጥም ደስ ሲል! የጃፓኖቹን ሁለት ሴት ዘፋኞች፣ ፒንክ ሌዲዎችን አስታወሳችሁኝ።

ሚኤ እና ኬይ ይባላሉ። እንደ እናንተው የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው፣ ሺዙኦካ የሚባል የጃፓን አገር ልጆች። በፈረንጆቹ 1976 በቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር አለፉና በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው ወጣ። ዝነኛ ያደረጓቸው ሕፃናት ናቸው። ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ዳንሱን እየኮረጁ አገር አዳረሱት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ነጠላ ዜማቸው በተከታታይ አንደኛ ወጣ። «ዩፎ» የተባለው ደግሞ የ1978ን የጃፓን ሪከርድ ሽልማት ወሰደ።

አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ያኔ ልጆች ነበሩ፤ አሁን ወደ ስድሳ እየተጠጉ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት «ዩፎ»ን ከስልኬ ከፈትኩት። ምሳቸውን ትተው ብድግ አሉ! እጃቸውን ከማጅራታቸው በኩል ወደ ላይ አውጥተው «ዩፎ!» አሉ፣ እኩል። አንዷም አልተሳሳተችም።

ሚኤ እና ኬይ ግን ብዙ ለፍተዋል። በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ የሚተኙበት ጊዜ ነበር። በ1979 በእንግሊዝኛ የዘፈኑት ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ላይ 37ኛ ደረሰ። ለጃፓን ዘፋኝ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በ1980 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤንቢሲ የራሳቸውን ትርኢት ሰጣቸው። ቋንቋውን ግን አያውቁትም። የሚናገሩትን ሁሉ በድምፁ ብቻ ሸምድደው ነው መድረክ የሚወጡት። ይሄ አንጀቴን ይበላዋል፤ እኔም እዚህ እንደመጣሁ ትርጉሙን የማላውቀውን ሰላምታ ሸምድጄ ነበር ሥራ የምገባው። ትርኢቱ ጥቂት ሳምንት ታይቶ ቆመ። እንደኔ እንደኔ ጉዞው ያለ ጊዜው ነው። አገራቸው ላይ ዝናቸው መቀዝቀዝ በጀመረበት ሰዓት ጥለውት ሄዱ።

በመጨረሻም ማርች 31፣ 1981 እዚህ ቶኪዮ፣ ኮራኩኤን ስታዲየም ውስጥ፣ በዚያ ብርድና ዝናብ፣ ሕዝቡን ተሰናበቱ። ሁለቱም ገና 23 ዓመታቸው ነበር።

ጓደኝነታቸው ግን አልተበጠሰም። በየጊዜው እየተመለሱ አብረው ዘፈኑ። በ2010 ደግሞ ሃምሳን አልፈው ሳለ መለያየቱን እንደተዉት በይፋ ተናገሩ። እኔ ከሽልማቱ ሁሉ ይሄን ነው የምወድላቸው።

የዘፈን ውል ፈርሙልን ያሉሽን ሰዎች ነገር እማዬ ነግራኛለች። አትቸኩሉ። የእረፍት ቀናችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና እሑድ ስደውል አብረን እናነበዋለን። እማዬን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ፣ ከቶኪዮ